ከእንስራ ስባሪው ሥር

ከባለቤቴ ከአስናቀ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የሚያፈስ የዓሣ ገንዳ መድፈን ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ የገንዳው ግራ ጥግ እንደሚያንጠባጥብ አየ። ዓሦቹን ወደ ባልዲ አዛወርን፤ ውሃውን ቀድተን ደፋን። እሱ አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ፋቀ፤ እኔ ጥጉን በጨርቅ አደረቅሁ። እሱ አዲሱን ጨመቀ፤ እኔ ሳሙና በነካ ጣቴ ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። ሲሊኮን እስኪደርቅ ድረስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። አስናቀ መሀል ላይ ቀና ብሎ ደረቱን በመዳፉ ጫን አደረገ። ምነው አልኩት። ሽታው ነው፣ መስኮቱን ክፈቺው አለኝ። ከፈትኩለት።

ውሃ ሳንሞላው ሁለት ቀን ይደር ተባባልን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ከሠልስቱ በኋላ ኮቱን ሳጥፍ ከውስጥ ኪሱ የልብ ሐኪም ወረቀት አገኘሁ። የተጻፈው በፋሲካ ሰሞን ነው። አራት ወር ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እንዳያስጨንቅሽ ብሎ ነው ይለኛል። ይህን ንግግር አልወደውም። ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ።

የኮምጣጤው ሽታ ከአስናቀ በፊት የአባዬ ነበር። አባዬ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መስኮት ሠሪ ነበር። መስታወት ይቆርጣል፣ በፍሬም ላይ ይገጥማል፣ ጠርዙን በሲሊኮን ይደፍናል። ጣቶቹ ሁልጊዜ ጭረት ነበረባቸው። ማታ ሲያቅፈኝ የኮሌታው ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ኮምጣጤ የአባቶች ሁሉ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ዓመት በግቢያችን ያለውን ሰርቪስ ክፍል አንድ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተከራየው። ሒሳብ ነበር የሚያስተምረው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይለው ነበር። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ አልለየለትም፤ እኔን እርስዎ፣ አባዬን አንተ፣ ዶሮውን አንቺ ይል ነበር። አባዬ በዚህ ይስቃል፤ እናቴም እየሳቀች ትስላለች። መጀመሪያ ሳሏን ያየሁት እንዲያ ከሳቅ ጋር ተቀላቅሎ ነው።

ቲቸር አንድ ቀን አባዬን የመስታወት ሳጥን እንዲሠራለት ጠየቀው። አባዬ ለመስኮት የመጣ መስታወት ቆርጦ ገጣጠመው፤ ሁለት ጊዜ አፈሰሰ፣ በሦስተኛው ያዘ። ቲቸር አዲስ አበባ ሄዶ ዓሦቹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ በአውቶቡስ መጣ። የአባይን በረሃ ሲሻገሩ ውሃው እንዳይፈላ ብሎ ከረጢቱን ከመስኮቱ ውጭ በእጁ አንጠልጥሎ መምጣቱን ሲነግረን የእጁ ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። አራት ሆነው ተነሥተው ሁለት ደረሱ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት።

ጎቢ ይባላሉ አለ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ወርቃማ ዓሣ ነበር የጠበቅሁት። እነዚህ ጣት የሚያህሉ፣ ግራጫ፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው። ዓይናቸው ከአናታቸው ላይ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ይገላምጣል። አይዋኙም ማለት ይቻላል፤ ከሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ካንዱ ወዳንዱ ይዘላሉ። ከሆዳቸው ሥር ሁለቱ ክንፎቻቸው ተጋጥመው እንደ ትንሽ ሲኒ ሆነዋል፤ በዚያ መስታወቱ ላይ ይለጠፋሉ። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ሳስጠጋ ወንዱ መጥቶ በወዲያኛው በኩል ይለጠፋል። የማያውቀውን ሰው የሚሰልል ይመስለኝ ነበር።

የሚንቀሳቀስ ነገር እንጂ ደረቅ መኖ አይበሉም። የእኔ ሥራ ከአሸንዳው ሥር ካለው በርሜል የትንኝ እጭ በሻይ ማጥለያ መቅዳት ነበር። ጠዋት በርሜሉ ላይ ስደገፍ ቆርቆሮው ክንዴን ያቀዘቅዘኛል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እጮቹ እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ትንፋሼን ይዤ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። ክረምት ነው፤ በርሜሉ በየቀኑ ይሞላል።

ሐምሌ ላይ ቲቸር ለእረፍት አዲስ አበባ ሲሄድ ዓሦቹን ለእኔና ለአባዬ አደራ ሰጠ። ገንዳውን አባዬ ወደ እኛ ሳሎን አምጥቶ ከእናቴ ክፍል በር አጠገብ አኖረው። በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሲሶ ውሃ መቀየር፣ መብራት ሲሄድ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ገንዳው ውስጥ ማስቀመጥ፤ ይህን ሁሉ ቲቸር በጣቱ እየቆጠረ አስጠናኝ። ስለ እንቁላል ምንም አላለም። በደብረ ማርቆስ ብርድ ይወልዳሉ ብሎ አላሰበም ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከውስጠኛው ክፍል መውጣት አቆመች። አባዬ እኔን ሳሎን አስተኛኝ። ወደ እናትሽ አትግቢ፣ ሳሉ ይይዝሻል አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልነገረኝም። ሥራ ሲሄድ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከተው ነበር። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ተኝታለች ብሎ ከደጅ ይመልሳል። ሳህኗን ለብቻው ያጥባል። ማታ ማታ ከጓሮ የሆነ ነገር ያቃጥላል፤ አንድ ቀን ተደብቄ ሳይ የተቃጠለው የእናቴ ነጠላ ጫፍ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሳሏ አይሰማኝም፤ ዝናቡ ሲያባራ ይሰማኛል። ስለዚህ ዝናቡ እንዳያባራ እፈልግ ነበር።

አንዳንድ ቀን አባዬ ሲወጣ በበሩ ሥር እጄን አስገባለሁ። እናቴ ከወዲያ በኩል ሆና «እጅሽን አውጪ፣ ልጄ» ትለኛለች። ጣቴን አትነካኝም። አባዬ ከልክሏት ነው ብዬ አመንኩ።

ፍልሰታ ገባ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጹም ብዬ ተነሣሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ። ሆዴ ሲጮህ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር። በጾሙ በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤት የተጠበሰ እንቁላል ሸተተኝ። አባዬ ሳህን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ በስንጥቁ አየሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጎርሳል። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ፊት ለፊት አየሁት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። በነጋታው ጓሮ ስሄድ የእንቁላሉን ቅርፊት አመድ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ሲያቅፈኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ዓሦቹ እንቁላል የጣሉት በዚያው ሳምንት ነው። ቲቸር ከገንዳው ሥር መጠለያ ይሁናቸው ብሎ የእንስራ ስባሪ ደፍቶ ነበር። ወንዱ ራሱ ጠቁሮ፣ ጭራውን እያንቀጠቀጠ ሴቷን ከስባሪው ሥር አስገባት። ስትወጣ ሆዷ ተጣብቆ ነበር። በባትሪ አጎንብሼ ሳይ ከስባሪው ጣራ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ጤፍ የሚያህሉ ነጫጭ እንቁላሎች አየሁ። ጠጋ ስል በየአንዳንዱ ውስጥ ጭረት የምታህል ነገር ነበረች። ለአባዬ ልነግረው ሮጥኩ፤ መሀል ላይ ግን ቆምኩ። አልነገርኩትም።

በማግስቱ ሴቷ ወደ ስባሪው ስትጠጋ ወንዱ ወጥቶ ነከሳት። ጭራዋ ጫፉ ተቀደደ። ጥግ ሄዳ ተለጠፈች። እሱ ተመልሶ ከእንቁላሎቹ ሥር ተጋደመ፤ ክንፉን ያርገበግባል፣ አንዳንዴ አፉን ወደ ላይ አንሥቶ ይለቅማል። መቁጠር ጀመርኩ። በአንዱ ጥግ ያሉት ትናንት አሥራ ሦስት ነበሩ፣ ዛሬ አሥር ናቸው። የበላውን በዓይኔ አየሁ። አንዱን እንቁላል ከነጠለው በኋላ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

የዚያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረውን ዛሬ መጻፍ ያሳፍረኛል። ጥርጣሬ አልነበረም። ሙሉ እርግጠኝነት ነበር። እናቲቱን ያባረረ፣ ልጆቿን የዘጋ፣ ዘግቶም የሚበላ ነበር። በሻይ ማጥለያው ይዤ አወጣሁትና በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ያን ቀን እስከ ማታ ስጾም ርሃቡ አልተሰማኝም። አንድ ትልቅ ነገር ሠርቻለሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደመላሽ ከደብረ ኤልያስ ለገበያ ሲመጣ እኛ ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ገባ፤ የማር ጣሳውን አስቀመጠ። አባዬ መስኮት ሊገጥም አማኑኤል ከተማ ሄዷል። እናትሽስ አለኝ። በሩን አሳየሁት። ጓጉንቸሩን አየው፤ ሲነካው አየሁ። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና እስቲ ንገሪኝ አለኝ። የጠየቀኝ በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነው። ያን ክረምት ሙሉ እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አባዬ ነው የቆለፈባት» አልኩት። «ልብሷን ያቃጥላል። እኔንም አያስገባኝም። እንቁላሉን ደግሞ እሱ ነው የሚበላው።»

«የምን እንቁላል?»

«በፍልሰታ የሚጠበሰውን። ሲበላ አይቻለሁ።»

አያ ደመላሽ ከወንበሩ ተነሣ። ወጣና ከገበያ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ተመለሰ። በሩን በትከሻቸው ገነጠሉት። እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ በጣም ከስታለች፣ አንገቷ እንደ ልጅ አንገት ሆኗል። ወንድሟ ለምን እንደመጣ ሲነግራት ተወኝ ደሜ አለችው። የበላሁት እኔ ነኝ፣ እሱን ተወው አለች። አያ ደመላሽ ይህን ሲሰማ የባሰ ተቆጣ። በእመቤታችን ጾም እህቴን ያስገደፈ ሰው ቤት አትውይም፣ ጸበል ትገቢያለሽ አላት። እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ይመስለኛል በልቧ እሷም ጾሙን መግደፏ ይከብዳት ነበር፤ ወንድሟ ያወጣው ያንኑ ነው።

እናቴን ያሳፈሩበት ባጃጅ ሊነሣ ሲል አባዬ ደረሰ። አልታገለም፣ አልጮኸም። እየሮጠ ገብቶ ክኒን ያለበትን የወረቀት ከረጢት አመጣና በባጃጁ በር በኩል እናቴ ጭን ላይ አኖረው። በየቀኑ ነው፣ አንድ ቀን እንዳይዘለል፣ እባክህ ደመላሽ አለ። አያ ደመላሽ ከረጢቱን አንሥቶ መንገዱ ላይ ወረወረው።

«ልጅህ ናት የነገረችን» አለው። «ጎረቤት አይደለም። የገዛ ልጅህ።»

ባጃጁ ሄደ። አባዬ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ክኒኖቹን ለቀመ። እያንዳንዱን በኮቱ ጫፍ እየጠረገ ወደ መዳፉ ይመልሳል። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። አላየኝም። አይቶኝም ይሆናል።

ሰኞ ክኒኑን ይዞ ደብረ ኤልያስ ሄደ። ጸበሉን የሚያጠምቁት አባት መድኃኒቷንም ትውሰድ፣ ጸበል ከመድኃኒት አይጣላም ብለዋቸው ነበር አሉ። የዚያን ሰው ደግነት ምንጊዜም አልረሳም። አያ ደመላሽ ግን ከአባዬ እጅ የመጣ ነገር እህቴ አፍ አይገባም አለ። አባዬ ማታ ክኒኑን ይዞ ተመለሰ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እራት አልበላንም።

ቲቸር ማክሰኞ መጣ፤ ለክረምት ተማሪዎች ፈተና ሊሰጥ ነው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ገንዳው ሄዶ አጎነበሰ። እንቁላሎቹን እኔም ከእሑድ ጀምሮ አላየኋቸውም ነበር፤ ማየት ፈርቼ ነው። ቲቸር ስባሪውን ሲያዞረው ጣራው በሙሉ ነጭ ጥጥ ሆኗል። በየጥጡ መሀል ትንሽ ጥቁር ዓይን ይታያል። ዓይን አብቅለው ነበር።

«አባትየው የት አለ?» አለ።

ጠርሙሱን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ውሃው ደፍርሷል፤ ዓሣው ግን በሕይወት አለ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

«እርስዎ ነዎት ያወጡት?»

አዎ አልኩ። ይበላቸው ነበር አልኩ። ቲቸር አልተቆጣም። ቃል እየፈለገ፣ እየተሰናከለ አስረዳኝ። አባትየው አየር እንዲያገኙ ያራግባል። አይበላም፣ አይተኛም። የሞተውን እንቁላል ብቻ ይበላል፤ ሻጋታው ወደ ሕያዋኑ እንዳይተላለፍ። እናትየዋን የሚያባርራት ርቧት እንዳትበላቸው ነው። ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር አለ። አባዬ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ቲቸር ዓሣውን ወደ ገንዳው መለሰው። ወንዱ አንዴ ዞር ዞር ብሎ በቀጥታ ከስባሪው ሥር ገባ፤ ጥጥ ከሆኑት እንቁላሎች ሥር ተጋደመና ክንፉን ያርገበግብ ጀመር። ቲቸር ይህን ማየት አልቻለም፤ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔና አባዬ ግን አየን። የሞቱትን ሁለት ቀን አራገባቸው።

አባዬ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ ተናገረ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዘዘላት፣ የነፍስ አባታችንም ፈቀዱ። እሷ ግን ብቻዬን አልገድፍም አለች። ኃጢአቱ ለሁለታችን ይሁን ብዬ አንድ አንድ ጉርሻ አብሬያት በላሁ።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

«ልጅ ነሽ፤ ታወሪያለሽ ብዬ» አለ።

እናቴ በኅዳር ሞተች። አባዬ ያንን ቅዳሜ ከዚያ ወዲያ አንሥቶብኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ነገር የሚያውቁ ዘመዶች ልጅ ነበርሽ ይሉኛል። እሱ እንኳን እንዲህ አላለኝም። ዛሬ ድረስ ከራሴ እኩል የምቆጣው በእሱ ላይ ነው። በሽታው ስሙ ከተሰማ ደንበኛ ይሸሸኛል፣ ተከራይ ይወጣል፣ ልጄን ትምህርት ቤት ያገልሏታል ብሎ ሰግቷል፤ ይገባኛል። ግን ያን ስም አንድ ጊዜ ቢነግረኝ ለአያ ደመላሽ የምለው ሌላ ይሆን ነበር። ስላልነገሩኝ ያየሁትን ተናገርኩ። ያየሁትም እውነት ነበር፤ አባዬም ዓሣውም ሲበሉ አይቻለሁ።

ይህን ታሪክ ሙሉውን ከአስናቀ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ዓምና ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ጎቢዎች ይዞልኝ መጣ፤ ለምን አመጣህብኝ ብዬ አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። «ይወልዳሉ፣ ታያለሽ» ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ከሰማ በኋላም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ደበቀው። ደረቱን ሲይዝ እኔ መስኮት ከፈትኩ።

ከሠልስቱ ማግስት ዓሦቹ በባልዲ ውስጥ መሆናቸው ትዝ አለኝ። ሲሊኮኑ ደርቆ ነበር፤ ሽታውም ጠፍቷል። ገንዳውን ብቻዬን ሞላሁት፤ ጥጉ አያፈስም። ባለፈው ሳምንት ወንዱ ጠቆረ፣ ሴቷን አስናቀ ከደፋላቸው የእንስራ ስባሪ ሥር አስገባት። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ሴቶች ይህን ነገር አውጥተሽ ጣይው፣ ሐዘንሽን ያባብሰዋል ይሉኛል።

ዝናቡ እንደቀጠለ ነው። ጠዋት ከበርሜሉ እጭ እቀዳለሁ፤ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሲሶውን ውሃ እቀይራለሁ። መብራት ሲሄድ ጠርሙስ አሞቃለሁ። እንቁላሎቹን አልቆጥርም። ስባሪውን አላነሣም።